የተርጓሚን ሐሳብ መከታተል፦ ጮክ ብሎ ማሰብ ወይስ የቁልፍ ምዝገባ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙ ባለሙያዎች አንድን ዐረፍተ ነገር ካነበቡ በኋላ እስኪጽፉት ድረስ ምን ምን እንደሚወስኑ ይመረምራል። አማካሪዬ ተሳታፊዎቹ እየተረጎሙ የሚያስቡትን ጮክ ብለው እንዲናገሩና ድምፃቸውን እንድቀዳ መክረውኛል። በሁለት ሰዎች ላይ ስሞክረው ግን አንደኛዋ ቀላሉን ክፍል ሁሉ ስታብራራ ቆይታ፣ በእርግጥ የሚያስቸግረው ሐረግ ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ይህን ዝምታ ምን ብዬ ልመዝግበው? የተሻለ ዘዴስ ይኖር ይሆን?

መልስ 1
ያጋጠመዎት የዘዴው ባሕርይ እንጂ የእርስዎ ስሕተት አይደለም። ጮክ ብሎ ማሰብ ወደ ትርጉም ጥናት የገባው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከሥነ ልቦና ሲሆን፣ ለዘዴው መሠረት የጣሉት ኤሪክሰንና ሳይመን ሰው ሊናገር የሚችለው በዚያች ቅጽበት በአጭር ጊዜ ትውስታው ውስጥ ያለውን ብቻ እንደሆነ አስረድተዋል። በልማድ ያለ ልፋት የሚሠራው ሥራ ስለማይታወቀው አይነገርም፤ ሥራው እጅግ ሲከብድም ለመናገር የሚተርፍ አቅም አይኖርም። ስለዚህ ዝምታውን አይጣሉት፤ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ከነሰከንዱ ይመዝግቡት።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ መናገሩ ራሱ ሥራውን መለወጡ ነው። የትርጉም ተመራማሪው አርንት ሊከ ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎቹ እየተናገሩ ሲተረጉሙ ፍጥነታቸው በ25 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ጽሑፉንም ይበልጥ እየቆራረጡ ነው የተረጎሙት። እኔ ብሆን የቁልፍ ምዝገባን (ተርጓሚው በኮምፒውተር ሲጽፍ የሚነካውን እያንዳንዱን ቁልፍ ከነሰዓቱ በፕሮግራም መመዝገብን) ዋና አድርጌ፣ ሥራው እንዳለቀ መዝገቡን እያሳየሁ «እዚህ ላይ ለምን ቆሙ?» ብዬ እጠይቅ ነበር።

መልስ 2
በምክሩ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ፊደላችን የራሱ ጣጣ አለው። እንደ ትራንስሎግ ያሉት የምዝገባ ፕሮግራሞች መጀመሪያ የተሠሩት አንድ ቁልፍ አንድ ፊደል ለሚሰጥበት አጻጻፍ ነው። በድምፅ አቀማመጥ በሚሠራ የግእዝ ፊደል መጻፊያ «ማ»ን ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ይነካል፤ በመጀመሪያው «ም» ይታያል፣ በሁለተኛው ደግሞ ወደ «ማ» ይለወጣል። መዝገቡ ይህን እንደ መሰረዝና እንደ ማረም ሊቆጥረው ስለሚችል፣ ሳይጠነቀቁ የቆጠሩ እንደሆነ ተርጓሚው በየፊደሉ ሐሳቡን የቀየረ ይመስልዎታል! (እኔ በራሴ ጽሑፍ ላይ ስሞክረው አንድ ሙሉ ቀን ያጠፋሁት ያለ ምክንያት ነበር።)

ከዚህም ሌላ የመጻፍ ቅልጥፍና ከሰው ሰው በጣም ስለሚለያይ፣ ከትርጉሙ በፊት እያንዳንዱ ተሳታፊ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ አይቶ እንዲገለብጥ ያድርጉ። በግልበጣው ጊዜ የሚታየው ቆይታ የጣቱ ነው፤ በትርጉሙ ጊዜ ከዚያ በልጦ የሚገኘውን ደግሞ ወደ ሐሳቡ ማስጠጋት ይቻላል።

መልስ 3
እኔ የቃል አስተርጓሚ ነኝና ከሥራዬ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቆም ማለት ሁሉ የችግር ምልክት አይደለም። በቅጽበት ሳስተረጉም ከተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ እቀራለሁ። ተናጋሪው በአማርኛ «ምክር ቤቱ ባለፈው ሳምንት የቀረበለትን ረቂቅ አዋጅ…» ብሎ ሲጀምር፣ ያጽድቀው አያጽድቀው የሚታወቀው መጨረሻ ላይ በሚመጣው ግስ ነውና፣ ወደ እንግሊዝኛ ለማምጣት አውቄ እጠብቃለሁ። የአስተርጓሚነት ተመራማሪው ዳንኤል ዢል እንደሚሉት ማዳመጡ፣ ማስታወሱና መናገሩ አንድን የተወሰነ አቅም ይሻማሉ፤ ጥበቃው ረዝሞ ማስታወሱ አቅሙን ከወሰደው ቀጥሎ የሚመጣው ቀላል ዐረፍተ ነገር ሊያመልጠኝ ይችላል። በጽሑፍ ትርጉምም ስሕተቱ ከከባዱ ሐረግ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገኝ እንደሆነ ቢፈትሹ መልካም ነው።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከአማካሪዬ ጋር ተነጋግሬ ሙከራውን በግልበጣው ልምምድ እንደገና እጀምራለሁ። የመጀመሪያዋን ተሳታፊ ቀረጻ መልሼ ስሰማው ዝምታው 38 ሰከንድ የዘለቀ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የጻፈችውን ሐረግ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜም አልነካካችውም፤ ስትሰርዝና ስትደልዝ የቆየችው ስታብራራው የነበረውን ቀላሉን ክፍል ነው።