የኖታም ጥቅልን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጣራት ተገቢ ነውን?

ጥያቄ፦ የምሠራው በበረራ ዕቅድ ክፍል ነው። ለአብራሪዎች የምናስረክበው የኖታም (ስለ ማኮብኮቢያ መዘጋትና ስለመሳሰሉት ለአብራሪዎች የሚወጣ ማስታወቂያ) ጥቅል እጅግ ስለሚረዝም፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዋና ዋናውን ለይቶ ከፊት ቢያስቀምጥ ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ እደግፋለሁ። በሐምሌ 2017 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ አንድ የኤር ካናዳ አውሮፕላን፣ አራት አውሮፕላኖች ተሰልፈው በቆሙበት ታክሲዌይ (አውሮፕላኖች ወደ ማኮብኮቢያና ከማኮብኮቢያ የሚሄዱበት መንገድ) ላይ ሊያርፍ ሲል ለጥቂት ተርፏል፤ ትይዩው ማኮብኮቢያ መዘጋቱን የሚገልጸው ኖታም ከ27 ገጾች መካከል በ8ኛው ላይ ነበር።

መልስ 2፦ ቅደም ተከተሉን ያስተካክል እንጂ አንዱንም አይሰርዝ። ሲያሳጥር የማኮብኮቢያ ስም አሳስቶ 28 ግራን 28 ቀኝ ቢል (እንዲህ ያለ ስህተት ደግሞ ያጋጥማል) ጉዳቱ ከርዝመቱ ይብሳልና፣ ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ ከሥሩ ይታይ።

መልስ 3፦ ማጠቃለያውን የበረራ አስተባባሪው ሳያረጋግጥ ወደ አብራሪው ባይተላለፍ እመርጣለሁ።