የሳሙና ማሸጊያ ነገር ግራ አጋብቶኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እኛ በእጅ ሳሙና የምንሰራ ትንሽ ማህበር ነን፣ ሰራተኞቹ ራሳቸው ባለቤት ናቸው፣ በሱ በኩል ሰላም ነን። ያስቸገረን ማሸጊያው ነው። ፕላስቲክ ትተን ወረቀት ሞከርን፣ ሳሙናው ላብ ሲያወጣ ወረቀቱ ይርስና ይለጠፍበታል፣ ደንበኛው ሲልጠው ግማሹ እዛው ሳሙናው ላይ ይቀራል 😩

አሁን አንድ አቅራቢ "በራሱ የሚበሰብስ" ከረጢት አለኝ አለን፣ ሰርተፊኬት አሳየን ስንለው ግን ወሬ ይቀይራል። ከበቆሎ ስታርች የሚሰራው ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክ ነው መሰለኝ፣ እሱ ደግሞ ጓሮ ውስጥ ዝም ብሎ አይበሰብስም፣ 60 ዲግሪ አካባቢ የሚሞቅ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ይፈልጋል። ኢኤን 13432 የሚባለው የአውሮፓ ስታንዳርድ ራሱ (በ12 ሳምንት መሰባበር አለበት የሚለው) ለኢንዱስትሪው እንጂ ለጓሮ አይደለም። ታዲያ ደንበኛው እንደዛ አይነት ቦታ ከሌለው ላዩ ላይ "ኢኮ" (ለአካባቢ ተስማሚ) ብሎ መለጠፍ ማታለል አይሆንም እንዴ? ጓደኞቼ "ሁሉም ይጽፋል ጻፊ" ይሉኛል፣ እኔ ግን አልዋጥልኝ አለ።

እስቲ በዚህ ያለፋችሁ፣ ሳሙናውን ረዘም አድርጎ ማድረቅ ለወረቀቱ ይረዳል ወይስ ሰም የተቀባ ወረቀት ይሻላል? አቅራቢውንስ ምን ማስረጃ ነው የምጠይቀው? ሌብሉ ላይ ሳልዋሽ ምን ልጻፍ?