ጠረጴዛ ሲታደስ ቀለሙ ዝንጉርጉር ለሆነባችሁ፦ ከአያት እስከ ለገጣፎ ማን ጋ ይወሰድ፣ ምን ይገዛ?

በየካ አባዶ፣ በአያትና በለገጣፎ አካባቢ የድሮ የዋንዛ ጠረጴዛ አሳድሰው ቀለሙ ቦታ ቦታ የጠቆረባቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት «የትኛው ቀለም ይሻላል?» ብለው ነው። እኔ አጥብቄ የምመክረው ከቀለሙ በፊት እንጨቱን የሚያለሰልሰውን ባለሙያ እንድትመርጡ ነው። ውድ ቀለም በደንብ ባልተዘጋጀ እንጨት ላይ ሲቀባ ጉድለቱን ይበልጥ ያጎላዋል።

እንጨት ቀለምን እኩል አይጠጣም። የድሮ ቫርኒሽ ወይም የፈሰሰ ኮላ የቀረበት ቦታ ቀለም ስለማይገባው ነጣ ብሎ ይቀራል። በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ብቻ የታለፈው ደግሞ አብዝቶ ይጠጣና ይጠቁራል። የጣውላው ጫፍ፣ ማለትም መጋዝ የቆረጠው ፊት፣ ከሁሉም በላይ ስለሚጠጣ ጠርዙ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ዋንዛ ልቡ ቡናማ፣ ዳሩ ግን ነጣ ያለ ነው፤ ስለዚህ ልብና ዳር ጎን ለጎን የተጋጠሙበት ጠረጴዛ ቀለም ሳይነካውም ሁለት መልክ አለው። ይህን የመጨረሻውን ማንም በማለስለስ አያጠፋውም። አንዳንዴም ባያጠፋው ይሻላል፤ የዋንዛ ውበቱ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ወደ ባለሙያዎቹ። በየመንገዱ ዳር ሶፋና አልጋ የሚሠሩት ቤቶች ቅርብ ናቸው፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ነገር ግን ሥራቸው በአብዛኛው አዲስ ዕቃ ማውጣት ስለሆነ የድሮ ቫርኒሽ እስኪለቅ ድረስ የሚታገሡት ጥቂቶች ናቸው። ዝንጉርጉርነት ሲያጋጥማቸው የሚቀናቸው መፍትሔ ሁሉንም በጥቁር ቡናማ መሸፈን ነው። በማኅበር ተደራጅተው በሼድ ውስጥ የሚሠሩት ወጣቶች ለእድሳት የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ናቸው፤ ከአቧራና ከዝናብ የተጠበቀ ቦታ አላቸው፣ ሥራውንም ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከተማ መሀል ያሉት ኮምፕሬሰርና የመርጫ ክፍል ያላቸው ድርጅቶች ጥራታቸው ከፍ ያለ ነው፤ ለአንድ ጠረጴዛ ግን የመኪና ጭነት ደርሶ መልስ ሲጨመርበት ብዙም አያዋጣም። ቤት ድረስ መጥቶ የሚሠራ አናጢ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪ ምቹ ቢመስልም፣ አቧራውና የቲነሩ ሽታ በጠባብ ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር የሚቻል አይደለም።

ማንም ጋ ብትሄዱ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛው፣ «በስንት ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረህ ስንት ላይ ታቆማለህ?» የሚለው ነው (ቁጥሩ ከፍ ሲል ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል)። ከ80 ጀምሮ በ120 አልፎ 150 ወይም 180 ላይ የሚያቆም ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። ከ60 ዘሎ 320 ላይ የሚሄደው ግን የ60ውን ጭረት ትቶት ይሄዳል፣ ቀለሙም ያንን ጭረት እየተከተለ ይጠቁራል። ጫፎቹን ብቻ እስከ 220 ማለስለስ ተገቢ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠጡት ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ ቀለሙን ከጠረጴዛው ሥር በኩል ሞክሮ እንዲያሳያችሁ ነው። ይህን እምቢ ካለ ጠረጴዛውን አትስጡት።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ላዩን ሙሉ በአኳራጅ (የዘይት ቀለም በሚቀጥንበት ፈሳሽ) በራሰ ጨርቅ ማበስ ትልቅ ነገር ያሳያል። ኮላና የድሮ ቫርኒሽ የቀሩበት ቦታ ወዲያውኑ ነጣ ብሎ ይለያል፤ በዚያው ሰዓት ምልክት አድርጎ እንደገና መፈተግ ይቻላል።

ቀለምን በተመለከተ፣ መርካቶ በዱቄት መልክ ተሸጦ በአልኮል የሚበጠበጠው ርካሽ ነው፣ መልኩም ደማቅ ነው። ሆኖም በጣም ቶሎ ስለሚደርቅ ልምድ የሌለው ሰው በሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሲቀባው የብሩሽ መደራረብ ይታያል። በዘይት የተበጠበጠ ፈሳሽ ማቅለሚያ ለማበስ ጊዜ ይሰጣል፤ ቤታችሁ ራሳችሁ ለምትሠሩ ይህን እመርጣለሁ። ከሥሩ በአልኮል በደንብ የቀጠነ ጎማላካ (ሼላክ የሚባለው የተፈጥሮ ሙጫ) አንድ ጊዜ ቢቀባና ሲደርቅ ቀለል ተደርጎ ቢለሰልስ እንጨቱ እኩል ይጠጣል። ጎማላካ የተቀባበት ላይ ግን የዱቄቱን ቀለም አትጠቀሙ፤ አልኮሉ ጎማላካውን ያሟሟዋል። ቀለም የተቀላቀለበት ቫርኒሽ ሦስተኛው አማራጭ ነው። ልዩነትን ይደብቃል፣ የእንጨቱንም መስመር አብሮ ይደብቃል፣ ሲጫር ደግሞ ነጩ ቶሎ ይታያል። ለላይኛው ልባስ ካዲስኮንና ንፋስ ስልክን የመሳሰሉ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ቫርኒሽ በቂ ነው፤ የውጭ ስም ያለበት ቆርቆሮ ፍለጋ ገንዘብ አትጨርሱ።

ቀድሞ ለተበላሸውስ? ቫርኒሽ ካልተቀባበትና ቀለሙ ትኩስ ከሆነ፣ የጠቆረውን ቦታ ማቅለሚያው በተበጠበጠበት ፈሳሽ በራሰ ጨርቅ ደጋግሞ ማበስ ብዙውን ያነሳዋል። የነጣውን ደግሞ በእጅ፣ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ፣ በ120 ፈትጎ ዳሩን እያሳሱ እንደገና ማቅለም ነው። ቫርኒሽ ከተደረበበት በኋላ ያለው መንገድ ሁለት ነው፦ ሙሉ በሙሉ መፋቅ፣ ወይም በመርጫ መሣሪያ ስስ ቀለም ያለው ልባስ በነጡት ቦታዎች ላይ መርጨት። ሁለተኛው የሠለጠነ እጅ ስለሚፈልግ ከተማ ላሉት የመርጫ ክፍሎች የመኪና ኪራይ መክፈል የሚያዋጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጠረጴዛችሁ በስስ የእንጨት ልባስ የተሸፈነ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ የማለስለሻ ማሽን አታስነኩት። ልባሱ ከአንድ ሚሊሜትር ሊያንስ ስለሚችል ማሽኑ በቅጽበት ይበሳዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠገን አይደለም። በእጅ ብቻ፣ በ180፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።

ወቅቱንም አስቡበት። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ በቲነር የሚቀጥን ልባስ እርጥበት ይዞ ነጭ ጉም ሊያወጣ ይችላል፤ ከጥቅምት በኋላ ያለው ደረቅ አየር ለዚህ ሥራ ይመቻል። በተልባ ዘይት ወይም በዘይት ቀለም የራሱ ጨርቆችን ደግሞ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትከምሩ፤ በራሳቸው ግለው እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቋቸው፣ ወይም ውኃ በሞላበት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቷቸው።