ጥቆማ፦ ለተማሪዎች ክበብ አማርኛ የሚጽፍ የኤልኢዲ ሰሌዳ፤ የትኛው ሞጁል፣ በምን እናሠራው?

ጥያቄ (የክበብ አስተባባሪ)

ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ነን፣ አዲስ አበባ። ማስታወቂያ፣ ሰዓትና ቀን የሚያሳይ፣ ተማሪዎች ራሳቸው ፕሮግራም የሚያደርጉት ሰሌዳ አስበናል። የሚሰቀለው በረንዳ ላይ ስለሆነ ዝናብ በቀጥታ አያገኘውም። ጽሑፉ የግድ አማርኛ ነው። ገበያ ላይ ካሉት የትኛው ይሻላል? ወይስ ማስታወቂያ ቤት እናሠራው?

መልስ (የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሪ)

ከዋጋው በፊት የፊደሉን ቁመት ወስኑ። የላቲን ፊደል በ7 ነጥብ ቁመት ይነበባል፤ የእኛ ግን አይበቃውም። «ቡ» እና «ቢ»ን እዩ። የሚለያቸው በቀኝ እግር ላይ ያለችው ጭረት መሃል ላይ ወይም ግርጌ ላይ መሆኗ ብቻ ነው። 8 ረድፍ ባለው ሰሌዳ ላይ ሁለቱ ጭረቶች የሚራራቁት በአንድ ሁለት ነጥብ ነው፤ ጽሑፉ መንሸራተት ሲጀምር ዓይን አይለያቸውም። ስለዚህ ከ16 ረድፍ በታች አትውረዱ።

በዚህ መለኪያ ማክስ7219 የሚባለው መቆጣጠሪያ ቺፕ ያለበት ባለ4 ጥምር ሞጁል (32 በ8 ነጥብ) ለአማርኛ ይወድቃል። በሦስት የመረጃ ሽቦ ስለሚሠራ ለጀማሪ ቀላል ነው፤ ክፍል ውስጥ ለሚሰቀል የቁጥር ሰዓት ጥሩ ነው፣ በረንዳ ላይ ግን ቀን ቀን ይደበዝዛል።

ደብሊውኤስ2812ቢ ስትሪፕ (ባለቀለም አምፖሎች የተደረደሩበት ጥብጣብ) በቀለሙ ያማልላል፣ ግን አስሉት። 64 በ16 ነጥብ ማለት 1024 አምፖል ነው። በሜትር 60 አምፖል ያለው ባለ5 ሜትር ጥቅልል 4 ረድፍ ብቻ ስለሚወጣው 4 ጥቅልል ይፈልጋል። እያንዳንዱ አምፖል ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ ድምሩ ከ61 አምፔር ያልፋል። በዚያ ላይ አንዱ አምፖል 3 ባይት ማስታወሻ ስለሚይዝ 3072 ባይት ያስፈልጋል፤ አርዱዪኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ) ያለው ራም 2048 ባይት ነው። ብየዳውም ብዙ ነው። ለጌጥ እንጂ ለጽሑፍ አልመክረውም።

የእኔ ምርጫ ቀይ ፒ10 ነው፤ በየፋርማሲውና በየሱቁ በር ላይ የምታዩት ተንሸራታች ጽሑፍ። አንዱ ሞጁል 32 በ16 ነጥብ፣ 32 በ16 ሴንቲሜትር ነው። አራቱን ጎን ለጎን ብታደርጉ 128 ሴንቲሜትር ርዝመት ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ 10 ያህል ፊደል ይይዛል። መርካቶ ስትገዙ እነዚህን ተጠንቀቁ፦

የነጠላ ቀለሙ ሶኬት ሀብ12፣ የባለሦስት ቀለሙ ሀብ75 ይባላል። ሁለቱም ባለ16 እግር ስለሆኑ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ አይተካኩም። ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

5 ሞጁል ግዙ፣ አንዱ መጠባበቂያ ይሁን። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ካርቶን ውሰዱ፤ በኋላ የሚጨመረው የብርሃኑ መጠን ስለሚለይ ሰሌዳው ላይ ጎልቶ ይታያል። ሻጩ እያንዳንዱን ከመቆጣጠሪያ ካርድ ጋር አገናኝቶ ሙሉ ቀይ ያብራላችሁ፤ የማይበራ ነጥብ ወይም ረድፍ ካለ እዚያው ይለወጣል። ፍላት ኬብሉና የኃይል ሽቦው በዋጋው ውስጥ መኖሩንም ጠይቁ።

ማስታወቂያ ቤቶች ክፈፉን ብቻ ይሥሩላችሁ። ለፒ10 የተዘጋጀ የአሉሚኒየም ፕሮፋይል እነሱ ዘንድ አለ፤ ማዕዘኑንም በትክክል ይቆርጡታል። ጀርባውን ሙሉ በሙሉ አታስደፍኑት፣ ፓወር ሰፕላዩ አየር ይፈልጋል።

መልስ (የኤሌክትሮኒክስ መምህር)

በፒ10 እስማማለሁ። ኃይሉን ግን እንዲህ አድርጉ። ለአንድ ቀይ ሞጁል እስከ 4 አምፔር ያዙለት፣ ለአራቱ 16 ይሆናል። ባለ5 ቮልት 40 አምፔሩ ፓወር ሰፕላይ ሳይጨናነቅ ይሠራል። አንዳንዱ ጎኑ ላይ የ110 እና የ220 መቀያየሪያ አለው፤ 110 ላይ እንዳለ ከእኛ መስመር ጋር ከተገናኘ ወዲያው ይቃጠላል፣ መጀመሪያ እሱን እዩ። የመሬት ሽቦውን አትዝለሉ። የ220 ቮልቱን ወገን አዋቂ ያገናኘው፤ ተማሪዎች 5 ቮልቱ ላይ ይሥሩ።

ኃይልን ከሞጁል ወደ ሞጁል አታስተላልፉ። ከፓወር ሰፕላዩ ለየአንዳንዱ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በቀጥታ ስጡ። በቀጭኑ 0.75 ካሬ፣ 10 አምፔር በአንድ ሜትር ደርሶ መልስ ግማሽ ቮልት ያህል ይበላል፤ መጨረሻው ሞጁል የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ፕላስና ማይነሱን ደግሞ በቴስተር ሳታረጋግጡ አትሰኩ፣ ከተገለበጠ ቦርዱ አለቀ።

በአርዱዪኖ ኡኖ ጀምሩ። «ዲኤምዲ» የሚባለው ላይብረሪ (ፒ10ን የሚያሠራ ዝግጁ ኮድ) ፒን 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 11 እና 13ን ይጠቀማል፤ የአርዱዪኖውና የሞጁሉ ግራውንድ የግድ ይገናኝ። የማደሻው ጊዜ (ኮዱ ሰሌዳውን በየስንት ጊዜው እንደሚያድስ) ከ5000 ማይክሮሰከንድ ከበለጠ መብለጭለጩ ይታያል። ፓወር ሰፕላዩ ጠፍቶ አርዱዪኖው ብቻ ሲበራ ሞጁሉ በስሱ ሊበራ ይችላል፤ በመረጃ ሽቦው በኩል ኃይል እየሳበ ነውና መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን አብሩ።

ጥያቄ (አስተባባሪው)

መምህር፣ እናመሰግናለን። በስልክ ጽሑፍ ለመቀየር ዋይፋይ ያለውን ኢኤስፒ32 ቦርድ ብንጠቀምስ? አማርኛውስ እንዴት ይገባል?

መልስ (መምህሩ)

ኢኤስፒ32 የሚያወጣው 3.3 ቮልት ነው፤ የሞጁሉ መግቢያ ቺፕ በ5 ቮልት ሲሠራ 3.5 ይጠብቃል። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ጥላ ይጥላል። መሃል ላይ 3.3ቱን ወደ 5 ቮልት የሚያሻግር 74ኤችሲቲ245 ቺፕ አስገቡ፤ ኤችሲ ሳይሆን ኤችሲቲ መሆኑን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ፊደሉ ዋናው የክበብ ሥራ ነው። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ8 (ኮምፒውተር ጽሑፍ በሚያስቀምጥበት ዘዴ) 3 ባይት ስለሚይዝ፣ ባይት በባይት የሚያነብ ላይብረሪ የተዘበራረቀ ነገር ያወጣል። ሦስቱን ወደ አንድ ቁጥር የሚመልስ ኮድ ጻፉ። በዩኒኮድ (ለየፊደሉ በተሰጠው ዓለም አቀፍ ቁጥር) «ሀ» 4608 ነው፣ «ለ» 4616፤ በየቤቱ 8 ቦታ አለ። ከቁጥሩ 4608 ቀንሳችሁ በ32 ስታባዙ የፊደሉን ሥዕል መነሻ ታገኛላችሁ፤ 16 በ16 ነጥብ 32 ባይት ነውና። በዩኒኮድ ከ4608 ጀምሮ ለፊደላችን የተመደቡት 384 ቦታዎች በድምሩ 12,288 ባይት ይሆናሉ፣ የኡኖ ፍላሽ (ኮዱ የሚቀመጥበት ማስታወሻ) ይችለዋል፤ ወደ ራም ግን እንዳይገባ ፍላሽ ላይ ብቻ አስቀምጡት። ሥዕሉን ከጂኤንዩ ዩኒፎንት (በነጥብ የተሠራ ነፃ ፎንት) ወስዳችሁ ተማሪዎች በካሬ ወረቀት ላይ ያስተካክሉት።

ለሰዓት ዲኤስ3231 የሚባለው የሰዓት ቺፕ ይሻላል፣ ከዲኤስ1307 በእጅጉ ትክክል ነው። ርካሹ ሞጁል ግን የማይሞላውን ሲአር2032 ባትሪ ሊሞላ ይሞክራል፤ ከዳዮዱ አጠገብ ያለችውን ሬዚስተር አንሱ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲታይ በኮዱ ውስጥ 6 ሰዓት ቀንሱ። ጳጉሜን 6 የሚሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። መፈተሻ ከፈለጋችሁ፣ መስከረም 1 ቀን 2016 በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነበር፤ ኮዱ 11 ካለ ጳጉሜን 6ን ዘሏል።

መልስ (ሰሌዳ ሠሪው)

አንድ ልጨምር። በስልክ የሚታዘዙ ዝግጁ የዋይፋይ ካርዶች አሉ፤ ጽሑፉን እንደ ሥዕል ስለሚልኩ አማርኛውን ያለ ችግር ያሳያሉ። ለሱቅ እነሱን እመክራለሁ። ለክበብ ግን ተማሪው የሚጽፈው ኮድ አይኖርም። የሀብ12 መውጫ ያለውን አንድ ካርድ ለመፈተሻ ብቻ ያዙ፤ ሰሌዳው ሲበላሽ ካርዱን ሰክታችሁ በትክክል ከበራ ጥፋቱ ከኮዱ ወይም ከአርዱዪኖው ሽቦ ነው፣ ካልበራ ደግሞ ፍላት ኬብሉንና ሞጁሉን ፈትሹ።