የተቀባ መስኮት ሲደበዝዝ ይታደስ ወይስ ይተው?

አወያይ፦ ኒው ዮርክ ሶሆ፣ ፕሪንስ ጎዳና ቁጥር 112 ያለው አሮጌ ሕንፃ ፊቱ ብረት፣ ጎኑ ራቁት ጡብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ሠዓሊ ሪቻርድ ሃስ የፊቱን ምሰሶና መስኮት ጎኑ ላይ በቀለም ደገመው። ከሩቅ ያያችሁት እንደሆነ ትሸወዳላችሁ። ከዓመታት በኋላ ግን ቀለሙ ደበዘዘ፣ ግርጌው በግራፊቲ ተዥጎረጎረ። እንዲህ ያለ ሥዕል ሲያረጅ ምን ይደረግ?

ቀለም በጥብጥ፦ ይቀባ እንጂ! ሥራው ማታለል ነው። ከእነዚያ ሁሉ መስኮቶች እውነተኞቹ ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱ የተቀባ መስኮት ላይ እንዲያውም ድመት አለች። ቀለሙ ሲለቅ ሁለቱ ብቻ ቁልጭ ብለው ይቀራሉ፣ ጨዋታው ፈረሰ።

አሮጌ ጡብ፦ እኔ አልስማማም። የኒው ዮርክን መንገዶች ያቅድ የነበረው ባለሥልጣን ሮበርት ሞሰስ በዚያ ሰፈር አውራ ጎዳና ሊያሳልፍ ነበር፤ ዕቅዱ የተሰረዘው በ1969 ነው። በ1973 ሰፈሩ ቅርስ ተብሎ ተከለለ። ሰው የታገለው ለእውነተኛው ሕንፃ ነው፣ ለፎርጂድ አይደለም። ጡብ ጡብ ቢመስል ምን ያሳፍረዋል?

ቀለም በጥብጥ፦ ፎርጂድ አልሽ እህቴ? ማግኔት ይዘሽ ሶሆ ሂጂ። ድንጋይ የመሰለሽ ምሰሶ ላይ ልጥፍ ይላል! ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ በቅርፅ ፈስሶ መጥቶ በብሎን የታሰረ ነው። ድንጋይ አስጠርቦ ከማስገንባት ስለሚረክስ፣ ድንጋይ እንዲመስል ቀለም ቀቡት። ቀለሙ ብረት መሰለ፣ ብረቱ ድንጋይ መሰለ። ውሸቱን ሃስ አልጀመረውም።

አሮጌ ጡብ፦ ሃሃ፣ ይቺን አልጠበቅኩም። ቢሆንም ብረቱ ዛሬም ሕንፃው ላይ አለ። ሥዕሉን ሌላ ሰው ከደገመው የማን ሥራ ነው? የሃስን እጅ ነው ወይስ የሃስን ሐሳብ የምንጠብቀው?

ጭቃ ሹም፦ ሐሳቡን ነዋ። በሕንፃ ጥገና እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ ብረቱም በየጊዜው ካልተቀባ ይዝጋል። እሱን ስንቀባ «የማን እጅ ነው» ብሎ የጠየቀን የለም። ባይሆን ግድግዳው ይታይ፤ እርጥበት ካለው አዲሱም ቀለም ይላጣል።

አሮጌ ጡብ፦ እሺ፣ ግን ዘላለም ልንቀባ ነው?

ጭቃ ሹም፦ ግድግዳው እስከቆመ ድረስ። ሃስ በ1986 ማያሚ ቢች ፎንቴንብሎ ሆቴል ፊት ያለ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቅስት ሥሎ ነበር፤ ከኋላው ያለውን ሆቴል አሳልፎ የሚያሳይ ይመስላል። በ2002 ግድግዳው ራሱ ፈረሰ። እዚያ ይቀባ አይቀባ የሚያስብል ነገር እንኳ አልተረፈም።

አሮጌ ጡብ፦ በሉ እሺ፣ ቅቡት። ድመቷን ግን ከሁሉ መጨረሻ፣ እኔ ባለሁበት።