መቶ ዓመት ያለፈው ሸክላ የማን ነው?

የሸክላ ወዳጅ፦ እስቲ እንከራከር። ከመቶ ዓመት በፊት በሸክላ፣ ማለትም በድሮው የሙዚቃ ዲስክ፣ የተቀዳ ድምፅ ዛሬም ባለቤት ሊኖረው ይገባል? እኔ አይገባም ባይ ነኝ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1923 በፊት የወጡ ቅጂዎችን ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ለሕዝብ ነፃ አድርጋለች። የኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፕሮዲውሰሩ የሚሰጠው 50 ዓመት ነው። ታዲያ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው በሸክላ ያስቀረፁትን ዘፈን ማንም ሰው ስልኩ ላይ ጭኖ ቢሰማው ምን ችግር አለው?

ሒሩት፦ ችግር አለው። ገንዘቡ ከመነሻው እንዴት እንደተከፋፈለ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሚላን ውስጥ ጣሊያናዊው የኦፔራ ዘፋኝ ኤንሪኮ ካሩሶ አንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ድምፅ በሚቀበለው የመቅረጫው ቀንድ ፊት ቆሞ 10 ዘፈን በ100 ፓውንድ አስቀረፀ። እሱስ በኋላ ከየሸክላው ድርሻ ማግኘት ጀመረ። የአንድ ቀን ሂሳባቸውን ተቀብለው የሄዱትስ? በዚያው ዓመት ካልካታ ላይ ሕንዳዊቷ ዘፋኝ ጎሃር ጃን ዘፈነች። ሸክላው የሚታተመው ጀርመን አገር ሐኖቨር ስለነበር፣ እዚያ ያሉት ሰዎች የማን እንደሆነ እንዲለዩት ዘፈኑን ስትጨርስ በእንግሊዝኛ «ስሜ ጎሃር ጃን ነው» እያለች ትጮኻለች። ያን ድምፅ ስሰማ ሆዴ ይባባል። አሁን ደግሞ «ነፃ ነው» ስንል ወራሾቹን ድጋሚ ባዶ እጃቸውን መስደድ ነው።

አቤል፦ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ድምፅስ? እሱም ሸክላ ነው አይደል?

የሸክላ ወዳጅ፦ አይደለም፣ እሱ የሰም ሲሊንደር ነው፣ ድምፅ የሚቀረፅበት ክብ የሰም ቱቦ። ልዩነቱ ለክርክራችን ወሳኝ ነው። ሲሊንደር መጀመሪያ ላይ እንደ ልብ የሚባዛ አልነበረም፣ ብዙ ቅጂ ከተፈለገ ዘፋኙ ያንኑ ዘፈን ደጋግሞ መዝፈን ነበረበት። ኤሚል በርሊነር እ.ኤ.አ. በ1887 ፓተንት ያወጣበት ግራሞፎን ግን ወደ ጠፍጣፋ ሸክላ ወሰደን፤ አንዴ ዋናው ቅርፅ ከተሠራ ከአንድ ምጣድ እንደሚወጣ እንጀራ ሺውን ታወጣለህ። ዘፋኙ አንዴ ይዘፍናል፣ አንዴ ይከፈለዋል፣ ኩባንያው ግን ዕድሜ ልኩን ይሸጣል። ሒሩት ያነሳችው በደል የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው፣ በዚህ አልከራከራትም።

ካሣ፦ እኔ ሸክላ ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ፣ ስለዚህ ልናገር። «ነፃ ነው» ማለት ቀላል ነው። ሸክላው በአልኮል አይታጠብም፣ ይሟሟል። ፍጥነቱም ሁሌ በደቂቃ 78 ዙር አይደለም፣ የድሮዎቹ ወደ 70 የሚጠጉ አሉ፣ እና ያንን በ78 ካጫወትከው የጎልማሳው ድምፅ የልጅ ይሆንብሃል። ትክክለኛውን እስካገኝ ግማሽ ቀኔን የበላ አንድ ሸክላ አለ፣ ያውም ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን። ይህን ሁሉ ለፍቼ ስለቅቀው በማግስቱ ሌላው የራሱን ስም ለጥፎበት አገኘዋለሁ።

የሸክላ ወዳጅ፦ ካሣ፣ የልፋትህ ይከፈልህ፣ ማንም አይቃወምም። ድምፁ ግን ያንተ አይሆንም። የሚያናድደኝ ሌላም ነገር አለ። ሕጉ ፈቅዶም በሩ ዝግ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የድሮ ሸክላ አለ ሲባል ሄድኩ። የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተባልኩ። ይዤ ስመለስ ቁልፉን የያዘው ሰው የለም ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ የአንዱን ሸክላ ጠርዝ እንኳ ሳላይ ቀረሁ። ሸክላ እኮ ስሙን የሚመስል ነገር ነው፣ አንዴ ከእጅ ከወደቀ አለቀለት። ቁልፉ እስኪመጣ አይጠብቅም።

ሒሩት፦ እሺ፣ መስማቱ ለሁሉም ክፍት ይሁን። በዚህ ልስማማ። ሸጦ ወይም ማስታወቂያ ለጥፎበት ገንዘብ የሚያገኝ ግን ወራሽ ካለ ለወራሹ ያካፍል። ከዚህ ወዲያ አልሄድም።

አቤል፦ ወራሹ ካልታወቀስ? የዘፋኙ ስምም ካልታወቀ?

ካሣ፦ እሱማ እጄ ላይ አለ። ወረቀቱ ተፍቆ የጠፋበት አንድ ሸክላ አለኝ፣ ወንድ ነው፣ በማሲንቆ ነው የሚዘፍነው፣ እንደ ጎሃር ጃን መጨረሻ ላይ ስሙን አልተናገረም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እለቀዋለሁ። ትልልቅ ሰው ቤታችሁ ካለ አሰሙልኝ፣ ምናልባት ድምፁን የሚያውቅ አይጠፋም።