ሌቪናስ፦ ኃላፊነቴ ወሰን ከሌለው ፍትሕ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ሌቪናስ በ1961 ባሳተመው «ጠቅላላነትና ወሰን የለሽነት» ለሌላው ሰው ያለብኝ ኃላፊነት ገደብ የለውም ይላል። ታዲያ ሁለት ሰዎች እኩል ቢቸገሩ ለማን ልድረስ? ሕግና ፍርድ ቤትስ እዚህ ሐሳብ ውስጥ ቦታ አላቸው?

መልስ፦ አላቸው፤ የሚገቡት «ሦስተኛው» በሚለው በኩል ነው። ፊት ለፊቴ ያለው ሰው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ጥያቄ አይነሣም ነበር። ግን ሌላም ሰው፣ ማለትም ሦስተኛው፣ አለ፤ እሱም ባልንጀራዬ ነው። ያኔ ማነጻጸር፣ መመዘን፣ ዳኛና መንግሥት ግድ ይሆናሉ። በ1974 የወጣውን ሁለተኛ ትልቅ ሥራውን (Autrement qu'être) 5ኛ ምዕራፍ ያንብቡ። ብዙ አንባቢ የሚስተው ሦስተኛውን ዘግይቶ የሚመጣ እንግዳ አድርጎ ሲያስብ ነው። ሦስተኛው ግን ከመጀመሪያውም ፊት ለፊቴ ባለው በሌላው ሰው ዓይን ውስጥ ሆኖ ያየኛል።

መልስ፦ «ፊት» ሲልም ዓይንና አፍንጫ ማለቱ አይደለም፤ «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣበት ነው። ደግሞ እኔ ስለሰጠሁ ሌላው ሰውም ይስጠኝ አይባልም። ሌቪናስ ከፈላስፋው ማርቲን ቡበር የሚለየውም እዚህ ላይ ነው፦ የቡበር «እኔና አንተ» እርስ በርስ የሚመላለስ ነው።

ጠያቂው፦ መንግሥት ሰውን እንደ ቁጥር ብቻ ካየስ?

መልስ፦ ያኔ ሕጉ የተነሣበትን ፊት ረስቷል፤ ስለዚህ ሌቪናስ ፍርድ ከተሰጠ በኋላም መታረም አለበት ይላል።